አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቶ የሚሄደው

ላሊበላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

«እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከተጠቃሚው ነው። ጋሼ፣ ምናልባት መነካት የሌለበትን እየነካህ ይሆን?»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። በነሐሴው ደብዳቤህ ሁለተኛ ገጽ፣ ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ይገኛል። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ግን ይህ ዐረፍተ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሌላውን አላሳልፍ ስላለኝ መጀመሪያ እርሱን አወጣሁት።

አሁን ሰላም እልሃለሁ። ወንድሜ አዝመራው፣ የአጎቴ ልጅ፣ በዚያ በጀርመን ብርድ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። እኔ ደኅና ነኝ። አባትህ የኔታ ወልደ ሩፋኤልም ደኅና ናቸው። ዐይናቸው ከጨለመ አሥር ዓመት ቢያልፈውም ጆሮአቸው የእኔና የአንተ ተደምሮ አይደርስበትም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በማዕረግ የወጣሁ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መነካት የሌለበትን አልነካም። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ግምገማ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «ድክመትህን ተቀበል» ሲሉኝ ሰነበቱ። የምቀበለው ብፈልግ አጣሁና ሰዓት አክባሪነቴን አስመዘገብኩ። «ይህማ ድክመት አይደለም» አሉኝ። «እዚህ ቤት ነው» አልኳቸው። ከዚያ ተላቅቄ ቤቴ ስገባ ደግሞ ከጀርመን፣ ከካሰል፣ ሌላ ገምጋሚ በደብዳቤ ጠበቀኝ።

በሰኔ የላክኸው ኮምፒውተር ያረጀ ነው፤ ቢሮአችሁ ስምንት ዓመት እንደሠራበት አንተው ጽፈሃል። ለእኔ ጨዋታ አይደለም። አባትህ ለአንተ የሚነግሩህ ነገር አላቸው። እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሲመቻቸው እንቀመጣለን። እስካሁን ወደ ዋናው ነገር አልደረስንም፤ ምክንያቱ ማሽኑ ነው።

ሁኔታውን በትክክል አንብብ። እሠራለሁ፤ ደኅና ነው። 12 ሰዓት ሲሆን ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ስታክ ያደርግና ማውሱ አልንቀሳቀስም ይላል፤ አንዳንዴ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። መልሼ ባበራው እስከ 3 ሰዓት ድረስ አይጸናም። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢዛነፍ ነው እንጂ ሰዓቱን አይስትም። እንደ እኔ ሰዓት አክባሪ ነው።

በስልክ አትመልስልኝ። ፖስታ ቤት ሄጄ ሁለት ጊዜ ተሰልፌ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል። በጽሑፍ መልስ።

ደግሰው ውባንተ


ካሰል፣ ኖቬምበር 7 ቀን 2005

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ ደግሰው፣

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ከሥራ ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስገባም ጨለማ ነው።

ስለዚያ ዐረፍተ ነገር ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሥራዬን ታውቃለህ፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ ይደውሉልኛል፣ እኔ ስልክ ይዤ «ይህን ተጫን፣ ያንን አጥፋ» እላለሁ። ያንን ዐረፍተ ነገር በጀርመንኛ በቀን ሃያ ጊዜ ሳልል አልውልም። ሳላስበው በአማርኛ ወጣብኝ። አማርኛ የምጽፈው ለአንተ ብቻ ስለሆነ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ወደዚያው እያፈሰስኩት ነው መሰለኝ። ልጆቼ ሰላምታ ይችላሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም፤ እናታቸው ጋ ሃምቡርግ ከሄዱ ወዲህ ሰላምታውም በወር አንዴ ሆኗል።

ስለ ማሽኑ አስቤበታለሁ። በአንድ የታወቀ ሰዓት ላይ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው። 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ በጣም ይሞቃል፣ ማሽኑ ውስጥ ያለችው ማራገቢያ ደግሞ አርጅታለች፤ ማቀዝቀዝ ሲያቅታት ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ስለዚህ ከመስኮቱ አርቀው። ልብስ አልብሳችሁት እንደሆነ አውልቁት። ከኤሌክትሪኩ ነቅለህ የሲፒዩውን የጎን ክዳን ፍታና በውስጡ ያለውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አንሣ። ክዳኑን ሳትገጥም ለአንድ ሳምንት ሞክረው።

የኔታን ሰላም በልልኝ። ምን ሊነግሩኝ እንደፈለጉ አላውቅም። እንዳይደክሙ።

ታናሽ ወንድምህ አዝመራው


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ አዝመራው፣ እንደምን ሰንብተሃል። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ስለ ልጆችህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አሁን የማውቀውን ልመልስ።

ያዘዝኸውን ሁሉ ፈጽሜአለሁ። አንደኛ፣ ከመስኮቱ አርቄ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል አስቀመጥኩት። ሁለተኛ፣ አባትህን የምትጦራቸው ጎረቤታችን ሸጌ በዳንቴል አስጊጣው ነበር፤ አስወለቅኩት። «ከፈረንጅ አገር የመጣ ዕቃ ራቁቱን ሊቀመጥ ነው?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ሦስተኛ፣ ክዳኑን ፈታሁ። ከውስጡ ያወጣሁት አቧራ ግማሹ የጀርመን መሆን አለበት፤ የእኛ ቀይ ነው፣ ይህ ግራጫ ነበር።

ውጤቱ ይኸውልህ። ከኅዳር 12 እስከ 29 ዘጠኝ ቀን ሠራን። ዘጠኙንም ቀን 12 ሰዓት ላይ ጠፋ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «12 ሰዓት ላይ ክፍሉ በጣም ይሞቃል» ብለህ ጽፈሃል። አዝመራው፣ የላስታን ኅዳር ረሳኸው? በዚያ ሰዓት እኔ በሹራብ ላይ ኮት ደርቤ፣ አባትህ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ነው የምንቀመጠው። ጣቴ ደንዝዞ ኪቦርዱ ላይ «ሰ» ስፈልግ «ሸ» አገኛለሁ። ሰው ከአገሩ ሲርቅ ብርዱን ነው ቀድሞ የሚረሳው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ማሽኑን በአውቶቡስ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ወልዲያ ድረስ ወሰድኩት። አብዱልጀባር የሚባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ አለ፤ ኮምፒውተርም ያያል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አብርቶት እስከ አሥራ አንድ፣ ሱቁን እስኪዘጋ፣ ሲሠራ ዋለ። አንዴም አልጠፋም። በማግስቱም እንዲሁ። «መምህር፣ ይሄ ኮምፒውተር ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው» አለኝ። «ላሊበላ ላይ ምን አሳያችሁት?»

ይዤው ተመለስኩ። በመጣሁበት ዕለት 12 ሰዓት ላይ ጠፋ።

አባትህን ታገሡ ማለት እያስቸገረኝ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሰቡት ነገር እንዳለ ይናገራሉ፣ ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም። «አዝመራው ሳይሰማኝ ጊዜው እንዳይሄድ» ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ላይ ለማሰብ አንድ ወር አትውሰድ።

ደግሰው


ካሰል፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2006

ለተከበርክ ወንድሜ ለጋሼ ደግሰው፣

እንኳን ለገና በዓል አደረሳችሁ። የእናንተ ቅዳሜ እንደነበር ትዝ ያለኝ እሑድ ማታ ነው። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ እንደነበር እገምታለሁ። የኔታም እዚያው ቤተ ማርያም ቆመው አድረው ይሆናል።

ወልዲያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሠራ ሙቀት አይደለም ማለት ነው። ግራ ገብቶኛል። ምናልባት ራሙን፣ የማስታወሻ ካርዱን፣ እንጠርጥር። ደግሞ እባክህ አንድ ነገር ንገረኝ፤ 12 ሰዓት ላይ አንተ ቤት ምን ትሠራለህ? እኩለ ቀን ላይ ክፍል ውስጥ አይደለህም እንዴ? ለምሳ ስትወጣ ነው የኔታን የምታስቀምጣቸው? ምናልባት በጥድፊያ አጥፍተህ እያበራኸው እንደሆነ ብዬ ነው፤ አትቆጣኝ።

«አባትህ» እያልክ ደጋግመህ ስለምትጽፍልኝ አንድ ነገር ልበል። በሰኔ 1970፣ በእናንተ አቆጣጠር፣ ጓዜን በትከሻዬ ይዤ የሄድኩ ቀን እርሳቸው ወይራው ሥር ተማሪ ቅኔ ያስቀጽሉ ነበር። ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀና አላሉም። ቅኔውን ትቼ ዩኒቨርሲቲ በመግባቴ እንደተቀየሙኝ አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። ዞሬ የብልባላን መንገድ ያዝኩ። የሚነግሩኝ ነገር ቢኖራቸው የዚያን ቀን በነገሩኝ ነበር። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ለእርሳቸው አታንብብላቸው።

ራም ላፈላልግልህ፤ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

አዝመራው


ላሊበላ፣ ጥር 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ አዝመራው፣

እግዚአብሔር በያለህበት ይሁን። ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ልመልስ ተቀምጬ ነበር። ልቆጣ አስቤ ቁጣው አልመጣልኝም። ስለዚህ አሥር ቀን ቆየሁ።

12 ሰዓት ማለት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። አንተ 12 ሰዓት የምትለው እኩለ ቀን እዚህ 6 ሰዓት ይባላል። አንተ ስትወለድ እንዲሁ ነበር፤ ስትሄድም እንዲሁ ነበር፤ አሁንም እንዲሁ ነው። አራት ወር ሙሉ አንተ ቀትር ላይ፣ እኔ ምሽት ላይ ቆመን ስንመላለስ ኖረናል። ብርዱን ረሳ ብዬህ ነበር። ብርዱን አልረሳህም፣ ይቅርታ። የረሳኸው ሰዓቱን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም። የምጨምረው እኔ ያልነገርኩህን ነው፤ አንተ የጻፍክልኝን ካነበብኩ በኋላ መደበቁ አላስችል አለኝ።

ከትምህርት ቤት በ10 ተኩል እመለሳለሁ። አባትህ በ11 ሰዓት ሸጌ መርታቸው ይመጣሉ። ማሽኑን አበራለሁ። ማራገቢያዋን ታውቃታለህ፣ ትነፋለች፤ በመሐል ትንሽ እያፏጨች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ስንጽፍ ድርግም አለ። ክፍሉ ጸጥ ሲል አባትህ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ።

«ተነሣ?» አሉ።

«ማን ነው የተነሣው?»

«አዝመራው ነዋ።»

«የኔታ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው።»

«ማሽን መሆኑን አንተ ልትነግረኝ ነው? ስልኩስ ማሽን አይደለም? ፖስታ ቤት ገብተህ ‘ሃሎ፣ ሃሎ’ የምትለው ለብረቱ ነው?»

«ስልክ ሌላ ነው። በስልክ ሰው ይሰማል።»

«ደጉ፣» አሉኝ፣ «ልጄ ሲያዳምጥ እንዲህ ነበር። እህ አይል፣ አዎን አይል። በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ ይመዝገብብኝ። ግምገማው ላይ ድክመት አጣሁ ያልኩት ዋሽቼ ነው።

አሁን «ለምን በወረቀት አትጽፈውም» ትለኛለህ። ሞክሬአለሁ። ማሽኑ ሲጠፋ ወዲያው እስክሪብቶ አንሥቼ «ይቀጥሉ የኔታ» እላቸዋለሁ። «ሰውየው ተነሥቶ ሄዶ ለማን ላውራ?» ብለው በትራቸውን ይፈልጋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ «ካቆሙበት ይጀምሩ» ብላቸው ደግሞ «ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ሰላም ሳይባል ወሬ ይጀመራል? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?» ብለው ይቆጡኛል። እናም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እንዴት ሰነበትክ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ሰውነትህ እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው። በየመሐሉ መልስ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንተ ከሄድክ ወዲህ ያረፉትን በየተራ ያረዱሃል፤ ከአጎትህ ከውዱ ጀምረው በእናትህ ያበቃሉ። ለእያንዳንዱ ነፍስ ይማር ይላሉ። እንዳትደነግጥ እናትህ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። ይህ ሁሉ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ጉሮሮአቸውን ጠርገው «እንግዲህ አዝሜ፣ የጠራሁህ ለዚህ አይደለም» ሲሉ 12 ሰዓት ይሆናል።

ዛሬ ፋይሉን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ሰላምታ አለ። ሌላ ነገር የለም።

በእኩለ ቀኑና በምሽቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይዘህ እንደገና አስብ። የገና እንግዳ ከተማውን በሞላበት ሳምንት ደግሞ በ11 ተኩልም ይጠፋ ነበር፤ ይህንን ልብ በል።

ደግሰው


ካሰል፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2006

ጋሼ፣

እንደምን አለህ። እንደምን አሉ አባቴ።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ ስልኩ ይጮኽ ነበር፤ አላነሣሁትም። የእጅ ሰዓቴን አየሁና ስድስት ልቀንስ ነው ልጨምር ብዬ ቆጠርኩ። በጣቴ ቆጠርኩ።

ማሽኑ ደኅና ነው፤ የደከመው መብራቱ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከተማው በሙሉ አምፖሉን ያበራል፣ ሆቴሎቹም የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ይከፍታሉ፤ በዚያን ጊዜ መስመሩ ላይ ያለው ኃይል ይወርዳል። አምፖል ቢሆን ደብዘዝ ብሎ ይቀጥላል። የዚህ ማሽን የኃይል ሳጥን ግን አርጅቷልና መቋቋም አይችልም፣ ይጠፋል። 3 ሰዓት ላይ ሰው መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ ይሻለዋል። እንግዳ ሲበዛ ቀደም ብሎ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ሰዓቱን በትክክል ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደብዳቤ እነግርህ ነበር።

አብዱልጀባር ኃይሉን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ካለው ጥሩ ነው። እስከዚያው በቀን ሞክሩት፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። በአንተ 8 ሰዓት። በወረቀት መጻፍ ከቻልክ ደግሞ ስክሪኑን አጥፋው፤ ብዙውን ኃይል የሚበላው እርሱ ነው። ለአባቴ የሚያስፈልገው ማራገቢያው ብቻ ከሆነ ሲፒዩው ብቻውን ቢነፋ ይበቃል።

ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰላም ተብዬ አንድ ጊዜ አልመለስኩም። የእናቴን መርዶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተረድቻለሁ ማለት ነው።

ስለ መምጣት አትጻፍልኝ። አባቱ ቀና ብለው ያላዩት ሰው ተመልሶ መጥቶ ምን ይላል?

አዝመራው


ላሊበላ፣ መጋቢት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ አዝመራው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ የምትጾምም የማትጾምም ብትሆን።

ደብዳቤህ መጋቢት 7 ደረሰኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጀምበር ጠልቃ መብራት ሲበራ ምን እንደሚሆን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አምፖላችን በዚያ ሰዓት እንደሚቀላ ሃያ ሰባት ዓመት አይቻለሁ። አብዱልጀባርም «ላሊበላ ላይ ምን አሳያችሁት» ያለኝ በቀልድ ነበር፣ ትክክል ግን እርሱ ነበር።

መልስህ እስኪመጣ መቀመጡን አቋርጠን ነበር፤ ቅዳሜ መጋቢት 9 አባትህን በ8 ሰዓት አመጣኋቸው። «ምነው በጠራራ?» አሉ። «ዛሬ የሚመቸው በዚህ ሰዓት ነው» አልኳቸው። በዕድሜዬ ለእርሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ እውነትም ውሸትም እንደሆነ አላውቅም። ስክሪኑን አጥፍቼ ሲፒዩውን ብቻ አበራሁት። ነፋ። ወረቀት ያዝኩ።

ሰላምታቸውን አደረሱ። ሙታኑን በተራ አረዱ። እናትህን ሲጨርሱ 9 ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነበር። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ቃል በቃል እነሆ፣ የጨመርኩት የለም፦

«እንግዲህ አዝሜ፣ የጠራሁህ ለዚህ አይደለም። የሄድክ ቀን ወይራው ሥር ነበርኩ። እግርህን ከእነ ደግሰው አጥር ጀምሮ ነው ያወቅኩት። መጥተህ ቆምክ። ሦስት ጊዜ ጉሮሮህን ጠረግህ። እኔ ቅኔውን እየሰማሁ አልነበረም። ተማሪው ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ቀና ብል ዐይንህን አያለሁ፤ ዐይንህን ካየሁ ‘አትሂድ፣ ቅር’ እልሃለሁ፤ ‘ቅር’ ካልኩህ ትቀራለህ። በዚያ ሳምንት ካድሬዎች ከሙጃ አምስት ልጅ ወስደው አንዱም አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን አየሁ። የብልባላን ዳገት እስክትወጣ ኮቴህን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያልኩት። ተቀይመኸኝ እንደሆነ ንገረኝ። ባትቀየመኝም ንገረኝ።»

ጉሮሮህን ሦስት ጊዜ እንደጠረግህ እኔ አልነገርኳቸውም። ደብዳቤህን እንደጠየቅኸኝ አላነበብኩላቸውም። ሃያ ስምንት ዓመት ራሳቸው ይዘውት የኖሩት ነው።

ተናግረው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መልሰው ጠበቁ። ማሽኑ ይነፋል። 10 ሰዓት ሆነ። ሸጌ ልትወስዳቸው መጣች፤ በእጃቸው ‘ቆይ’ አሏት። 11 ሰዓት ሆነ። ይነፋል፣ ያፏጫል።

«ዛሬ አልተነሣም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልተነሣም።»

«ሰምቷል ማለት ነው።»

«ሰምቷል።»

«አይናገርም ግን።»

በዚህ ማሽን ላይ ስምንት ወር ተናድጃለሁ። እንዲጠፋ የለመንኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ስክሪኑን ስላጠፋሁት ይሁን ወይም ቅዳሜ ስለሆነ አላውቅም፣ 12 ሰዓት መጥቶ አለፈ፤ አልጠፋም። እርሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም። በመጨረሻ ገመዱን በእጄ ነቀልኩት። «ደከመው፣ የኔታ» አልኩ። «እውነትህን ነው፣ ሥራ ውሎ ነው የመጣው» አሉኝና በትራቸውን ፈለጉ።

አሁን ከፋሲካ በኋላ ያሰቡትን ነግረውኛል። ዋልድባ ሊገቡ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሚያዝያ 23 ቀን፣ የሚወስዷቸው መነኩሴ ይመጣሉ። እዚያ ሲገቡ ምን እንደሚደረግ የቤተ ክህነት ልጅ ነህና አልነግርህም። ፍትሐት ተደርጎላቸው ከዓለም ይለያሉ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አይከተላቸውም፤ ልጅም የላቸውም። እኔም ከትምህርት ቤት በ10 ተኩል ስመለስ የሚመጣብኝ ሰው አይኖርም። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው፤ ከአንተ መልስ አይጠብቅም።

የእርሳቸው ግን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ «መለሰ?» ብለውኛል። ስለ መምጣት አትጻፍልኝ ብለሃልና አልጽፍልህም። ራም አልፈልግም። ስታብላይዘር አልፈልግም። በማሽን የተጻፈ አልቀበልም፤ ወረቀቱን በጣታቸው ይዳስሱታል፣ እስክሪብቶ የተጫነበትን ያውቃሉ። ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ጻፍ፤ «የኔታ» ሳይሆን «አባቴ» ብለህ ጀምር፣ ባለፈው ደብዳቤህ እንዳልክ። ሰላምታውን አታሳጥር፤ ሠላሳ ሁለት ዕዳ አለብህ፣ ግን በአንድ ደብዳቤ ይበቃል። ከዚያ ተቀይመህ እንደሆነ ተቀይሜ ነበር በል፤ ካልሆነም አልተቀየምኩም በል። እኔ ድምፄን አስተካክዬ በ8 ሰዓት አነብላቸዋለሁ።

መልስህ በጽሑፍ፣ በእጅህ፣ በአማርኛ ተጽፎ እስከ ሚያዝያ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. እጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር።

ደግሰው ውባንተ